ከሳሎን ቲቪ ወደ መኝታ ቤት ቲቪ ያለ ገመድ፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሆናል?

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር። ገመድ አልባ የኤችዲኤምአይ ላኪና ተቀባይ ገዝቼ ቤት ገባሁ። ላኪውን ሳሎን ካለው ቲቪ ጀርባ ሰካሁት። ተቀባዩን መኝታ ቤት ካለው ቲቪ ጀርባ። የሁለቱም መብራት በራ። ምስል ግን የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ከክፍል ክፍል ተመላለስኩ። ገመድ ቀየርኩ፣ ሶኬት ቀየርኩ፣ በመጨረሻ ሻጩን በሆዴ መርገም ጀመርኩ። ሰውዬው ምንም አላጠፋም። ላኪውን የሰካሁት መግቢያ ላይ ነበር።

እቤታችን ባሉት ቲቪዎች ላይ ያሉት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች መግቢያ ናቸው። «ኤአርሲ» (ARC) ተብሎ የተጻፈበት ቀዳዳ እንኳ ወደ ውጭ የሚሰጠው ድምፅ ብቻ ነው። ምስል አይሰጥም። ስለዚህ «ከቲቪ ወደ ቲቪ» የምንለው እንዲያው ለአነጋገር ነው። ምስሉ የሚነሳው ከሪሲቨሩ፣ ከላፕቶፑ፣ ከሃርድ ዲስኩ፣ ከስልኩ ወይም ከኢንተርኔቱ ነው። ላኪውም መሰካት ያለበት እዚያ ነው።

ይህ ከገባን ግማሹ ውዥንብር ይጠራል። ሌላው ግማሽ የዕቃው ዓይነት መብዛት ነው። ሁሉም ካርቶን ላይ «ገመድ አልባ» ይላል። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

## ዕቃ ከማየት በፊት መለኪያው

ሁለቱ ክፍሎች የሚያዩት አንድ ነገር ነው ወይስ የተለያየ? ከሁሉም በፊት ይህን መልሱ። አንድ ተራ ሪሲቨር በአንድ ጊዜ የሚያወጣው አንድ ቻናል ነው። ያንን ምስል አሥር ክፍል ብታደርሱት አሥሩም የሚያዩት ያንኑ ነው። መኝታ ቤት የተኛው ሰው ቻናል ሲቀይር ሳሎን ያለውም ይቀየርበታል። ከዚያ በኋላ የሚነሳውን ጭቅጭቅ ምንም ዓይነት ዕቃ አይፈታውም። ባልና ሚስት የተለያየ ነገር ማየት ከፈለጉ ላኪና ተቀባይ ከናካቴው አይግዙ። መልሳቸው ሌላ ቦታ ነው፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ምንጩ ምንድን ነው? የዲሽ ሪሲቨር፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለ ፊልም፣ ስልክ ላይ ያለ ቪዲዮና የኢንተርኔት አፕ አንድ መንገድ አይሄዱም። ለፋይል ግሩም የሆነው ዘዴ ለሪሲቨር ምንም አይፈይድም።

መሃል ላይ ምን አለ? ካርቶኑ ላይ የተጻፈው «30 ሜትር» ወይም «50 ሜትር» ሜዳ ላይ የተለካ ነው ብላችሁ ያዙት። ቤት ውስጥ ርቀቱን የሚወስነው ግድግዳው ነው። እንጨትና ጂፕሰም ብዙም አያስቸግሩም። ብሎኬት ይቀንሰዋል። ብረት ያለበት ኮንክሪት ይገድለዋል። የብረት በር፣ ትልቅ መስታወትና የተሞላ የውሃ ታንከር ደግሞ ግድግዳ አይባሉም እንጂ ከግድግዳ ይብሳሉ።

ምን ያህል ቢዘገይ ትችላላችሁ? ኳስ የሚታይበት ቤት ይህን ያውቀዋል። ሳሎን ያሉት «ጎል!» ብለው ይጮሃሉ። መኝታ ቤት ባለው ቲቪ ላይ አጥቂው ገና ኳሷን እየገፋ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታ ለሱ ድጋሚ ስርጭት ነው። ይህ የሚሆነው መዘግየቱ ሰከንዶች ሲሆን ነው። መዘግየቱ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ከሆነ ጎሉ አያመልጥም፤ ግን የሁለቱ ክፍሎች በር ክፍት ከሆነ ድምፁ እንደ ገደል ማሚቶ ይደጋገማል። ፊልም ብቻውን ለሚያይ ሰው ሁለቱም ምንም አይደሉም፤ ምስሉና ድምፁ እኩል ስለሚዘገዩ አይታወቀውም። ጌም ለሚጫወት ግን ትንሹም ይጎዳል።

ሌሎቹ ቶሎ ያልቃሉ፦ ምን ጥራት ትፈልጋላችሁ (1080ፒ ወይስ 4ኬ)፣ ሪሞቱ ከሌላ ክፍል መሥራት አለበት ወይ፣ ስንት ማውጣት ትችላላችሁ። የሪሞቱን ነገር ብዙ ሰው ከገዛ በኋላ ነው የሚያስታውሰው።

## የኤችዲኤምአይ ላኪና ተቀባይ

ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው። አንዱ ሪሲቨሩ ላይ ይሰካል፣ ሌላው ሩቅ ያለው ቲቪ ላይ። አፕ የለውም፣ አካውንት የለውም፣ ብዙዎቹ የቤቱን ራውተርም አይፈልጉም። በመሃላቸው የራሳቸውን መስመር ይፈጥራሉ። ለሪሲቨር ባለቤት ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው፤ ሁለቱ ክፍሎች አንድ ነገር ማየታቸው ካላስከፋ ማለት ነው።

ግን ሁለት ዓይነት አለ፣ ልዩነታቸው ደግሞ የሰማይና የምድር ነው።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ የ1080ፒ ምስል 1920 በ1080 ነጥብ አለው። እያንዳንዱ ነጥብ 24 ቢት ይይዛል። በሰከንድ 60 ምስል ይመጣል። አባዙት፤ ወደ 3 ጊጋቢት በሰከንድ ይጠጋል። 4ኬ ከሆነ አራት እጥፍ፣ 12 ጊጋቢት ገደማ። የተለመደ የቤት ዋይፋይ ይህን አይሸከምም። ስለዚህ አምራቹ ሁለት ምርጫ አለው፦ ምስሉን ጨምቆ በጠባብ መንገድ መላክ ወይም በጣም ሰፊ መንገድ መፈለግ።

*ጨምቆ የሚልከው* ገበያውን የሞላው ዓይነት ነው። በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራል (የሬዲዮ ሞገዱ ድግግሞሽ ነው)። ምስሉን ስልካችን ቪዲዮ እንደሚያስቀምጠው አሳንሶ ይልካል፣ ተቀባዩ ይፈታዋል። አንድ ግድግዳ፣ አንዳንዴም ሁለት ቀላል ግድግዳ ያልፋል። ለማሳነስና ለመፍታት ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 200 ሚሊሰከንድ። ለዜና፣ ለድራማ፣ ለኳስ ይበቃል። ለጌም አይሆንም። ጨለም ያለ ትዕይንት ላይ ጥቁሩ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ሊታይ ይችላል። ያ የዕቃው ብልሽት ሳይሆን የጭመቃው ምልክት ነው።

*ሳይጨምቅ የሚልከው* ሰፊ መንገድ የሚያገኘው 60 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። ዋይረለስ ኤችዲ የሚባለው ደረጃ በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሲወጣ የመረጠው ይህንኑ ነው። መዘግየቱ የለም ማለት ይቻላል፣ ምስሉም ንጹሕ ነው። ችግሩ የሞገዱ ርዝመት 5 ሚሊሜትር ብቻ መሆኑ ነው። ግድግዳ አያልፍም። ሰው በመሃል ሲያልፍ እንኳ ሊቆረጥ ይችላል። አንድ ክፍል ውስጥ፣ ፊት ለፊት፣ 10 ሜትር ገደማ፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁ። ኤልጂ በ2023 ያወጣው ገመድ አልባ ቲቪም ከሳጥኑ ጋር ፊት ለፊት እስከ 10 ሜትር ነው የሚባለው። ስለዚህ «4ኬ፣ ዜሮ መዘግየት» የሚል ካርቶን ስታዩ ድግግሞሹን ፈልጉ። 60 ከሆነ ለሌላ ክፍል አይሆንም፤ ጣሪያ ላይ ላለ ፕሮጀክተር ግን ግሩም ነው።

በ5 ጊጋኸርዝ ሳይጨምቅ ግድግዳ አልፎ የሚልክ ደብሊውኤችዲአይ የሚባል መንገድም አለ። መዘግየቱ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ነው። ዕቃው ውድ ነው፣ በብዛትም የሚጠቀሙበት ቪዲዮ ቀራጮች ናቸው። የቤት ዓይነቱን ካገኛችሁና ኪሳችሁ ከፈቀደ ከሁለቱም ይሻላል።

ስትገዙ አራት ነገር እዩ፦

ላኪው ላይ ሁለተኛ ኤችዲኤምአይ መውጫ አለ? ሪሲቨሩ መውጫው አንድ ነው። ላኪው ያንን ከያዘው የሳሎኑ ቲቪ በምን ያያል? መውጫ ያለው ላኪ ምስሉን ለሳሎኑ ቲቪ በገመድ ያሳልፋል። ከሌለው ለብቻው ማካፈያ መግዛት ይኖርባችኋል።

የሪሞት ዓይን አለው? ጥሩዎቹ ጫፉ ላይ ትንሽ መብራት ያላት ቀጭን ሽቦ አብረው ይመጣሉ። መኝታ ቤት ሪሞት ስትጫኑ ተቀባዩ ይሰማል፣ ወደ ላኪው ይልካል፣ ሽቦዋ ሪሲቨሩ ፊት ሆና ትደግመዋለች። ይህች ሽቦ ከሌለች ቻናል ለመቀየር መነሳት ነው።

ኤችዲሲፒ ስንተኛው ነው? የቅጂ መከላከያ መቆለፊያ ነው። 4ኬ የሚያወጡ ብዙ ሳጥኖች 2.2 ይጠይቃሉ። ላኪው 1.4 ብቻ ከሆነ ምስሉ ወደ 1080ፒ ይወርዳል ወይም ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል።

አራተኛው ማንም የማይነግራችሁ ነው። ሳሎን ያለው ቲቪ 4ኬ፣ መኝታ ቤት ያለው አሮጌ 1080ፒ ነው እንበል። ሁለቱ ሲገናኙ ሪሲቨሩ «ምን ምን ትችላላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ማካፈያዎች የሚመልሱለት ደካማው የሚችለውን ነው። ያኔ ትልቁ የሳሎን ቲቪ ሳይታወቃችሁ ከ4ኬ ይወርዳል። ሪሲቨራችሁ መጀመሪያውኑ 1080ፒ ብቻ ከሆነ አያሳስባችሁ።

## አሮጌው ባለሦስት ቀለም ላኪ

ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ የሚሰካበት፣ አንቴና ያለው። አሁንም አለ፣ ርካሽ ነው፣ አይዘገይም። በ2.4 ጊጋኸርዝ ስለሚሠራ ግን ማይክሮዌቭ ሲበራ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ዋይፋዩንም ይረብሻል። ጥራቱም የድሮ ቲቪ ጥራት ነው፤ ትልቅ ስክሪን ላይ ጽሑፍ ለማንበብ ያስቸግራል። ኤችዲኤምአይ የሌለው አሮጌ ሪሲቨርና ትንሽ ቲቪ ካላችሁ ብቻ አስቡበት።

## ስልክና ላፕቶፕ ላይ ያለውን ማሳየት

እዚህ ዕቃ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ ቲቪያችሁ ውስጥ አብሮ ተሠርቶ ይሆናል። ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ።

ማንጸባረቅ ማለት የስልኩ ስክሪን እንዳለ ቲቪው ላይ መታየቱ ነው። ሚራካስት (ከ2012 ጀምሮ ያለው) እንዲህ ነው የሚሠራው፤ የአፕሉ ኤርፕሌይም ስክሪን ሲያንጸባርቅ እንዲሁ። ስልኩ ያለማቋረጥ ይሠራል፣ ይሞቃል፣ ባትሪው ይወርዳል። የሚደውልላችሁ ሰው ስም ቲቪው ላይ ሊወጣ ይችላል። አንዳንድ የፊልም አፖች ስክሪናቸው እንዲንጸባረቅ ስለማይፈቅዱ ድምፅ ብቻ ይመጣና ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል።

ካስት ማድረግ ሌላ ነው። ስልኩ የሚልከው አድራሻውን ብቻ ነው። ቲቪው ራሱ ከኢንተርኔት ያመጣዋል፣ ስልኩ ሪሞት ይሆናል። የጎግል ክሮምካስት በ2013 ሲመጣ ሰው የወደደው ለዚህ ነው። ምርቱ በ2024 ቢቆምም ዘዴው ብዙ ቲቪዎች ውስጥ አብሮ ገብቷል። ምርጫ ካላችሁ ሁልጊዜ ካስት አድርጉ።

ሁለቱም ለሪሲቨር አይሆኑም። «የሳሎኑን ቲቪ መኝታ ቤት ላይ ካስት ላድርግ» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ቲቪው ተቀባይ ነው፣ ላኪ አይደለም። አንዳንድ አምራቾች በራሳቸው ቲቪዎች መካከል ምስል የማጋራት ነገር ጀምረዋል። ግን ሁለቱም ቲቪዎች የዚያው ድርጅት፣ ያውም የሚደግፉት ሞዴሎች መሆን አለባቸው። ካላችሁ ማውጫው ውስጥ ፈልጉት። ለዚህ ብላችሁ ግን ቲቪ አትግዙ።

## ፊልሞቻችሁ ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆኑ

ይህን መንገድ ነው እኔ የምወደው፤ የቤት ሰርቨር ይባላል። የሚያስፈልገው አንድ የማይጠፋ ኮምፒውተር ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕም ይሆናል። ጄሊፊን ወይም ፕሌክስ የሚባሉትን ፕሮግራሞች ትጭኑበታላችሁ። ጄሊፊን ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ቲቪ በአፑ ገብቶ የፈለገውን ፊልም ይከፍታል። ሳሎን አንድ ፊልም፣ መኝታ ቤት ሌላ። ሳሎን ግማሽ ላይ ያቆማችሁትን መኝታ ቤት ከዚያው ትቀጥላላችሁ።

ቲቪያችሁ አፑን ባይቀበል እንኳ ዲኤልኤንኤ የሚባለውን የቆየ ዘዴ ሊያውቅ ይችላል። ዘዴውን ያወጣው ድርጅት በ2003 ተቋቁሞ በ2017 ተበትኗል፤ ዘዴው ግን ዛሬም ብዙ ቲቪዎች ላይ ይሠራል። መልኩ ደረቅ ነው፣ የፋይል ስም ዝርዝር ብቻ። ግን ይሠራል።

ኢንተርኔቱ ቢቋረጥም ብዙ ጊዜ አይቆምም። የሚፈለገው ራውተሩ እንጂ ከውጭ የሚመጣው መስመር አይደለም። ይህን ለማመን ብዙ ሰው ይከብደዋል።

ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ቲቪው የፋይሉን ዓይነት የማያውቀው ከሆነ ኮምፒውተሩ እየቀየረ ለመላክ ይገደዳል። አሮጌ ላፕቶፕ እዚህ ላይ ያቃስታል፤ ማራገቢያው ይጮሃል፣ ፊልሙ ይንተባተባል። ሁለተኛው የዋይፋይ መንገድ ነው። ኮምፒውተሩም ቲቪውም በዋይፋይ ከሆኑ እያንዳንዱ ነገር አየሩ ላይ ሁለት ጊዜ ይጓዛል፦ ከኮምፒውተር ወደ ራውተር፣ ከራውተር ወደ ቲቪ። ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል ማለት ነው። ኮምፒውተሩን ራውተሩ አጠገብ አስቀምጡና በአጭር ገመድ አገናኙት። ያቺ አንድ ሜትር ገመድ ውድ ራውተር ከመግዛት ትበልጣለች።

የቲቪው የገመድ መግቢያ ላይ ግን አትታለሉ። ብዙ ቲቪዎች፣ ውዶቹም ሳይቀሩ፣ የገመድ መግቢያቸው 100 ሜጋቢት ላይ ይቆማል። የ4ኬ ብሉሬይ ፋይል አንዳንድ ቦታ ላይ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ከገመዱ ይሻላል። ለተራ 1080ፒ ፊልም ይህ ሁሉ አያስጨንቅም።

## ከአንድ ዲሽ የተለያየ ቻናል

መጀመሪያ ላይ ያቆየኋት ጥያቄ። ሁለት መልስ አላት።

ቀላሉ ሁለተኛ ሪሲቨር ነው። እውነቴን ነው። ለነፃ ቻናሎች ተራ ሪሲቨር ብዙ ጊዜ ከጥሩ ላኪና ተቀባይ ይረክሳል። ከዲሹ ተጨማሪ ገመድ መሳብ ግን አለበት። ገመድ የጠላነው ለዚያ ነውና እዚህ ጋ ነገሩ ይወሳሰባል። የሚከፈልበት አገልግሎት ከሆነ ድርጅቱ ለሁለተኛ ክፍል የሚሆን ሳጥን እንዳለው ጠይቁ። አንዳንዶቹ በዋይፋይ ከዋናው ሳጥን ጋር የሚያያዝ ትንሽ ሳጥን ይሰጣሉ። ካለ ሌላ አትፈልጉ።

ሌላው ሳት አይፒ ይባላል። ደረጃው በ2012 ነው የወጣው። አንድ ሳጥን የዲሹን ገመድ ይቀበልና ቻናሎቹን በቤቱ ኔትወርክ ይበትናል። ውስጡ አራት ወይም ስምንት መቃኛ ሊኖረው ይችላል፤ ያን ያህል ሰው የተለያየ ቻናል ያያል። ቲቪው፣ ታብሌቱ፣ ላፕቶፑ በአፕ ይከፍቱታል። የሚመጣው ከሳተላይት የተላከው እንዳለ ስለሆነ ጥራቱ አይነካም። የተቆለፈ ቻናል ግን እንደተቆለፈ ይመጣል። ቻናል ሲቀየር ሰከንድ ሁለት ሰከንድ ይወስዳል፣ ኤልኤንቢውም (ዲሹ ፊት ያለው ጭንቅላት) ለብዙ መቃኛ የሚሆን መሆን አለበት። ማዘጋጀቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከኮምፒውተር ጋር የማይግባባ ሰው ለብቻው አይጀምረው።

የምታዩት ሁሉ ከኢንተርኔት ከሆነ ደግሞ የምትልኩት ነገር የለም። ሁለቱም ቲቪ አፑን ይክፈት። ስማርት ያልሆነው ቲቪ ላይ ኤችዲኤምአይ ላይ የምትሰካ፣ የኢንተርኔት አፕ የምትከፍት አንዲት የስትሪሚንግ «እንጨት» (ስቲክ) ሰክታችሁ ተገላገሉ።

## በአንድ ዓይን

| መንገድ | ለምን ምንጭ | የተለያየ ማየት | ግድግዳ | መዘግየት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ጨምቆ የሚልክ (5 ጊጋኸርዝ) | ሪሲቨር፣ ማንኛውም ኤችዲኤምአይ | አይቻልም | አንድ፣ ቀላል ከሆነ ሁለት | 50–200 ሚሊሰከንድ | መካከለኛ |
| ሳይጨምቅ የሚልክ (60 ጊጋኸርዝ) | ማንኛውም ኤችዲኤምአይ | አይቻልም | አያልፍም | የለም ማለት ይቻላል | ከፍ ያለ |
| ባለሦስት ቀለም ላኪ | አሮጌ ሪሲቨር | አይቻልም | ያልፋል፣ ይረበሻል | የለም ማለት ይቻላል | ዝቅተኛ |
| ማንጸባረቅ | ስልክ፣ ላፕቶፕ | ይቻላል | አጠገብ መሆን አለበት | ይታወቃል | ብዙ ጊዜ ነፃ |
| ካስት | የኢንተርኔት ቪዲዮ | ይቻላል | እንደ ዋይፋዩ | አያሳስብም | ብዙ ጊዜ ነፃ |
| የቤት ሰርቨር | ፋይል | ይቻላል | እንደ ዋይፋዩ | አያሳስብም | ኮምፒውተር ካለ ነፃ |
| ሳት አይፒ | የዲሽ ነፃ ቻናሎች | ይቻላል | እንደ ዋይፋዩ | ሰከንድ ገደማ | ከፍ ያለ |
| ሁለተኛ ሪሲቨር | ዲሽ | ይቻላል | ገመድ ይፈልጋል | የለም | ዝቅተኛ |

## ለማን የቱ?

ብቻችሁን ከሆናችሁና ሳሎን የጀመራችሁትን ዜና አልጋ ላይ መጨረስ ከፈለጋችሁ ጨምቆ የሚልከውን ግዙ፤ መውጫና የሪሞት ዓይን ያለውን። ሁለቱ ቲቪዎች በአንድ ጊዜ ስለማይበሩ መዘግየቱን ፈጽሞ አታውቁትም።

ልጆች ላሏቸው ቤቶች ያንኑ ዕቃ አልመክርም። በሦስተኛው ቀን የሪሞት ጦርነት ይነሳል። ካርቱኖቹን ሃርድ ዲስክ ላይ አድርጋችሁ የቤት ሰርቨር ሥሩ፤ ወይም ሁለተኛ ሪሲቨር።

ገንዘብ ካጠረ መጀመሪያ ያላችሁን ፈትሹ። ቲቪው ካስት ያውቃል? ዲኤልኤንኤ ያውቃል? መሳቢያ ውስጥ የተጣለ ላፕቶፕ አለ? ሳይገዙ የሚያልቅ ነገር ብዙ ነው።

ጌም ከሆነ ግን ኮንሶሉን ተሸክማችሁ ውሰዱት። አልቀለድኩም።

መሃል ላይ ኮንክሪት ካለ በአየር የሚሄደውን ነገር ሁሉ ተዉት። በኔትወርክ ገመድ ኤችዲኤምአይ የሚያሻግር ኤችዲቤዝቲ የሚባል ዕቃ አለ፤ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፣ ግድግዳ አያስጨንቀውም። አንድ ቀን መሰርሰሪያ ይዞ መዋል ዓመት ሙሉ ከሚቆራረጥ ምስል ይሻላል።

## ከመግዛት በፊትና ሲገጠም

ግድግዳውን በነፃ መለካት ይቻላል። ራውተሩን ሪሲቨሩ አጠገብ አስቀምጡት። ስልካችሁን ከ5 ጊጋኸርዙ ዋይፋይ ጋር አገናኙና መኝታ ቤት ቲቪው ካለበት ቦታ ቁሙ። የዋይፋይ ጥንካሬ የሚለካ ነፃ አፕ ቁጥር ያሳያችኋል፤ ቁጥሩ ኔጋቲቭ ነው፣ ወደ ዜሮ በተጠጋ መጠን ጠንካራ ነው። −67 ወይም ከዚያ የተሻለ ካሳየ 5 ጊጋኸርዝ ላኪም ሊሠራ ይችላል። −80 ካሳየ ገንዘባችሁን ያዙ።

ዕቃው ሲመጣ ወዲያው ሌላ ክፍል አትውሰዱት። ሁለቱንም አንድ ክፍል ውስጥ ሞክሩ። እዚያ ካልሠራ ችግሩ ግድግዳው አይደለም። ሁለት ስክሪን ጎን ለጎን ካገኛችሁ ላፕቶፕ ላይ የሩጫ ሰዓት ክፈቱ። ላፕቶፑን ከላኪው ጋር አገናኙ። ተቀባዩ የተሰካበትን ቲቪና የላፕቶፑን ስክሪን በአንድ ፎቶ አንሱ። አንዱ ላይ 12.48፣ ሌላው ላይ 12.31 ካለ መዘግየቱ የቲቪውን የራሱን ጨምሮ 170 ሚሊሰከንድ ነው። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት።

መብራት የሚሰጠውን ነገር አስቡ። ብዙ ሰው ላኪውን ሳሎን ካለው ቲቪ ዩኤስቢ ላይ ይሰካዋል። ሳሎን ያለው ሰው ቲቪውን አጥፍቶ ሲተኛ ላኪውም አብሮ ይጠፋል፣ መኝታ ቤትም ይጨልማል። ላኪውን ከሪሲቨሩ ዩኤስቢ ወይም በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት አብሉት።

የሪሞቷን ሽቦ ጫፍ በትክክል ሪሲቨሩ ዓይን ፊት ለፊት፣ ጣት ያህል ርቀት ላይ ለጥፏት። ዓይኑ የት እንዳለ ካላወቃችሁ በእጅ ባትሪ አብሩበት፤ ከጥቁሩ ፕላስቲክ ጀርባ ትንሽ ክብ ነገር ትታያለች። ሪሞታችሁ በብሉቱዝ የሚሠራ ከሆነ ግን ተቀባዩ አይሰማውም፣ ሽቦዋም አትደግመውም። ያኔ ሪሞቱን ይዛችሁ መኝታ ቤት ገብታችሁ ሞክሩት፤ ብሉቱዝ ራሱ ግድግዳውን ሊያልፍ ይችላል።

ተቀባዩን ቲቪው ጀርባ መሃል ላይ አትሸጉጡት። የቲቪው ጀርባ ብረት ነው፣ ሙቀትም አለው። አጭር የኤችዲኤምአይ ማራዘሚያ ተጠቅማችሁ ወደ ጎን አውጡት፣ ወደ ላኪው አቅጣጫ። ምስሉ ሳምንት ሙሉ ደህና ሆኖ ማታ ማታ ብቻ መቆራረጥ ከጀመረ ሻጩ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት እጃችሁን አስገብታችሁ ተቀባዩን ንኩት። ካቃጠላችሁ ያገኛችሁት እሱን ነው። ቀዝቃዛ ከሆነ የጎረቤት ዋይፋይ ሊሆን ይችላል፣ ላኪው የሚሠራበትን የሞገድ ቻናል (የቲቪውን አይደለም) ቀይሩ።